እናት ከባቢሌ፣ አባት ከሐርጌሳ

ወላጆቻቸው የተለያየ ዜግነት ላላቸው ልጆች የቪዛው መንገድ የሚጀምረው ከቀበሌ ነው

ሰኞና ሐሙስ የባቢሌ ገበያ ነው። ከሐረር ቁልቁል የሚወርደው አስፋልት ከተማዋን አቋርጦ ወደ ደካታ ሸለቆ፣ ከዚያም በካራማራ ተራራ አድርጎ ወደ ጅግጅጋ ይዘልቃል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ኦቾሎኒ በጣሳ የሚሰፍሩ ሴቶች ተደርድረዋል። ግመል ሊሸጡና ሊገዙ የመጡት ሰዎች ኦሮምኛም ሶማሊኛም ይችላሉ፤ የዋጋው ክርክር ሲጠና ሁለቱን ቋንቋ እያፈራረቁ ይሟገታሉ። ባቢሌ የሚባል ወረዳ በኦሮሚያ ክልልም በሶማሌ ክልልም አለ። ገበያው መሐል ግን የየትኛው ባቢሌ ሰው ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው የሚመጣው ወረቀት በተፈለገ ጊዜ ነው።

ወረቀት ፈላጊው የሚሰበሰበው ከአስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ኮምፒውተር፣ ለጉርድ ፎቶግራፍ የሚሆን ነጭ ጨርቅ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ፎርም የሚሞላው ወጣት ፊት የተቀመጠችው ሴት ከፌስታል ውስጥ ያላትን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች፦ የቀበሌ መታወቂያዋን፣ የልጆቿን የክትባት ካርድ፣ ቃዲው የሰጧቸውን የኒካህ ወረቀት፣ በስልኳ ውስጥ ደግሞ የባሏን ፓስፖርት ፎቶ።

«ኤዶ (አክስቴ)፣ ይሄ የሁለተኛው ልጅ ነው?» አላት።

«የሁለተኛው ነው። እሱን ሐርጌሳ ነው የወለድኩት።»

«የልደት ምስክር ወረቀትስ አለው?»

«የሆስፒታሉ ካርድ አለ።»

ባሏ በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ ተወልዶ ያደገ፣ በድንበር ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ በኩል ልብስ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ባቢሌ ጤና ጣቢያ፣ ሁለተኛው ሐርጌሳ፣ ሦስተኛዋ ጅግጅጋ ተወልደዋል። አሁን የባሏ እናት ታመው የልጅ ልጆቻቸውን ማየት ፈልገዋል። ወጣቱ ወረቀቶቹን በሦስት ክምር ከፈላቸው። አንዱ ክምር ሙሉ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ሁለተኛው ሁለት ቅጠል ብቻ ነበረው፤ ሦስተኛው ላይ ያለው የአባት ስም ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የተወለዱ ሦስት ልጆች በወረቀት ላይ የሦስት ቤት ልጆች ሆነው ተቀምጠዋል።

እናት በሕጉ ፊት

ሕጉ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ግልጽ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ ሁለቱም ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ሰው የኢትዮጵያ ዜጋ መሆኑን ይደነግጋል። ኢትዮጵያዊው ወላጅ አባት ይሁን እናት ልዩነት የለውም፤ ልጁ የተወለደበት ቦታም አይጠየቅም። አንቀጽ 33 ደግሞ የውጭ ሰው ማግባት ዜግነትን እንደማያስቀር ያረጋግጣል። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996ም የተሠራው በዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ሐርጌሳ የተወለደው ልጅ በእናቱ ኢትዮጵያዊ ነው። ይህን መብት የሚሰጠው ባለሥልጣን የለም፤ ሲወለድ ይዞት መጥቷል።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው የሐምሌ 1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ የውጭ አገር ሰው ካገባች ኢትዮጵያዊት የተወለደ ልጅ ኢትዮጵያዊነቱን እንዲጠይቅ ቢፈቅድም፣ አገር ውስጥ መኖሩንና የአባቱን ዜግነት ፈጽሞ መተዉን እንዲያስረዳ ያዝዝ ነበር። የባዕድ አገር ሴት ያገባ ኢትዮጵያዊ በአንጻሩ ሚስቱ በጋብቻው ብቻ ኢትዮጵያዊት ትሆንለት ነበር። በሐረርና በድሬዳዋ ከየመን ነጋዴዎች የተወለዱ የዚያ ትውልድ ልጆች ይህ ሕግ ምን ማለት እንደነበር ያውቁታል፤ ብዙዎቹ የእናታቸውን ቋንቋ እየተናገሩ፣ በእናታቸው አገር እየኖሩ፣ የውጭ ዜጋ ሆነው አድገዋል።

ከድንበሩ ማዶ ዛሬም ዜግነት የሚወረሰው በአባት ነው። የሶማሊያ የ1962 እ.ኤ.አ. የዜግነት ሕግ መነሻ የሚያደርገው አባትን ነው፤ የሶማሌላንድ የ2002 እ.ኤ.አ. ሕግም እንዲሁ። በዚህ የተነሳ የባቢሌዋ ሴት ልጆች በእናታቸው ኢትዮጵያዊ፣ በአባታቸው የዚያኛው አገር ሰው ናቸው። ባቢሌያዊው ወንድሟ ከሐርጌሳ ሴት ቢያገባ ግን ልጆቹ ያላቸው ዜግነት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአባታቸው። በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው የሚጫወቱ የአክስትና የአጎት ልጆች በዚህ ይለያያሉ።

እንግዲህ ችግሩ ከመብቱ ላይ አይደለም፤ ከማስረጃው ላይ ነው። የሶማሌ ልጅ ገና በለጋነቱ የአባቶቹን ስም ወደ ላይ ቆጥሮ እንዲያውቅ ይደረጋል። አብቲርሲ ይሉታል። ይህ ቆጠራ በዘመድ መሐል ከመታወቂያ የበለጠ ይታመናል፤ ባል ያጣችን ሴት ያስጠጋል፣ ደም ያስከፍላል፣ እንግዳን ያሳድራል። የእናት ስም ግን በውስጡ የለም። ኢትዮጵያዊነቱ ከእናቱ የመጣለት ልጅ የሚያስፈልገው ደግሞ ያው ያልተቆጠረው ስም ነው። ያንን ስም ከዜግነቷ ጋር በማኅተም አድርጎ የሚይዘው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት።

«የእናቱ ስምና ዜግነት በትክክል የተጻፈበት አንድ ወረቀት ካለ፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይወለዳል።» የአካባቢው የወሳኝ ኩነት ሠራተኛ

አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1049፣ ስደተኞችና የውጭ ዜጎችም እንዲመዘገቡ በሩን ከፈተ፤ የስደተኞቹ ምዝገባ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ተጀመረ። ውጭ አገር የተወለደ የኢትዮጵያዊ ልጅ ደግሞ በዚያው አገር ባለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይመዘገባል። ሐርጌሳ የኢትዮጵያ ቆንስላ አላት፤ የሁለተኛው ልጅ ወረቀት መፈለግ ያለበት እዚያ ነው። ብዙ እናቶች ይህን የሚሰሙት ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። የሆስፒታል ካርድ ልጁ መወለዱን ይናገራል፤ የማን አገር ሰው እንደሆነ ግን አይናገርም።

ግጦሹና ጦርነቱ

በዚህ አካባቢ ድንበር ተሻግሮ መጋባት የሰሞኑ ነገር አይደለም። በ1889 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ መንግሥትና እንግሊዝ ወሰን ሲዋዋሉ፣ ከመስመሩ በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሣዎች ከብታቸውን ወደ ሌላው ወገን ግጦሽ መንዳት እንዲችሉ ተስማምተው ነበር። ሐውድ የሚባለው የግጦሽ ምድር በኅዳር 1947ቱ ስምምነት ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ሲመለስም የግጦሹ መብት እንደጸና ቆየ። ከብት በሚጠጣበት ጉድጓድ ዙሪያ ሰው ይተዋወቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ይጋባል። ወሰኑ ለግመሉ ክፍት ሆኖ ለሙሽራዋ ሊዘጋ አይችልም ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ። መስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የካቲት 26 ቀን የካራማራው ድል መጣ። የጦሩን ማፈግፈግ ተከትሎ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ሶማሊያ ተሰደደ፤ በሐርጌሳ ዙሪያ ባሉ ካምፖች ኖረ፣ እዚያም ወለደ። ከአሥር ዓመት በኋላ መንገዱ ተገለበጠ። በ1980 ዓ.ም. የሲያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላን ሲደበድብ ነዋሪዎቿ ወደዚህ ጎረፉ። ሐርትሼክ በአንድ ወቅት በዓለም ታላቁ የስደተኞች ካምፕ ይባል ነበር፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። ቀብሪበያህ፣ አውበሬና ሸደር ዛሬም አሉ። ቀብሪበያህ ካምፕ ውስጥ ተወልደው፣ አድገው፣ አግብተው፣ የራሳቸውን ልጆች የወለዱ ሰዎች አሉ።

ዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው የአካባቢው ሰው ስለ ልደቱ ሲጠየቅ መልሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያልፋል። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሶማሊያ ካምፕ ውስጥ የተወለደ አለ፤ ሶማሊያዊ ሆኖ ኢትዮጵያ ካምፕ ውስጥ የተወለደ አለ። ሁለቱ ተጋብተው የወለዱት ልጅ ፎርም ሲሞላ «የአባት የትውልድ ቦታ» የምትለዋ ሳጥን ስትደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ዝም ይላል። ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው ይህን ሁሉ አላሰበውም፤ ሊያስብም አይጠበቅበትም። የዚህን አገር ፎርም ተቀብሎ የሚመረምር ባለሙያ ግን ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አጭር የመሰለው መንገድ

በእነዚህ ከተሞች በሹክሹክታ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ከማዶ የመጣ ባል ቋንቋው አንድ ነው፣ ሃይማኖቱ አንድ ነው፣ ጎሣው ይታወቃል። የሚስቱ ዘመዶች ሦስት ምስክር ያቆማሉ፤ «የእኛ ሰው ነው» ይላሉ፤ በዘመድነት ቋንቋ አልዋሹም። ሰውየው የቀበሌ መታወቂያ ይወጣለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባቢሌ ወይም ጅግጅጋ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ነው። ቪዛ አይጠየቅም፣ የመኖሪያ ፈቃድ አያሳድስም፣ ኬላ ላይ አይወርድም።

ለእሱ ቀለለው። ልጆቹ ላይ ግን ሁለት አባት ተጫነባቸው። በልደት ወረቀታቸው ላይ አባታቸው የባቢሌ ተወላጅ ኢትዮጵያዊ ነው፤ እሱ ራሱ በሚጓዝበት ፓስፖርት ላይ የሐርጌሳ ተወላጅ ነው። አንድ ቀን ይህ ሰው ለንደን ወይም ሚኒያፖሊስ ደርሶ ልጆቼን ላምጣ ሲል፣ ከፊቱ ያለው መርማሪ ሁለት ሰው ያያል። ልጁ የእሱ መሆኑን የሚክደው የገዛ ልጁ ወረቀት ነው።

«ያኔ የረዳን መስሎን ነበር። አሁን ያንን መታወቂያ ለማሰረዝ ፍርድ ቤት እየተመላለስን ነው።» ባሏ ውጭ አገር የሚኖር የጅግጅጋ እናት

በካምፑ በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ። ከስደተኛ ጋር የተጋባ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁን ለራሽኑና በሦስተኛ አገር ለመስፈር ሲል በስደተኛነት ብቻ ያስመዘግባል። ልጁ ሲያድግ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ይጠይቃል፤ መዝገቡ ግን ስደተኛ ነህ ይለዋል። በኬንያ፣ በጋሪሳ አካባቢ፣ በድርቅ ዘመን ለእህል ብለው የስደተኛ ካርድ ያወጡ ዜጎች መታወቂያ ተከልክለው ለዓመታት ሲንገላቱ ታይቷል። በረሃብ ጊዜ የተወሰደን ካርድ በማታለል መቁጠር ለእኔ ከባድ ነው። ይሁንና መዝገብ ምክንያትን አይጽፍም፤ አሻራን ነው የሚጽፈው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳም፣ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ስለሚይዝ፣ አንድ ሰው በሁለት ስም የሚኖርበትን ዘመን እየዘጋው ነው።

ሐቀኛው መንገድ ረጅም ነው፤ ግን አለ። ፋይዳ የነዋሪነት እንጂ የዜግነት ማስረጃ ስላልሆነ የውጭ ዜጋም በሕጋዊ መኖሪያው መሠረት ሊመዘገብ ይችላል። በቶጎ ውጫሌ ሲገባ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ያስመታ ባል ነገ የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠይቅ መቼና በየት ገባህ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይኖረዋል። ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅሎ በእግሩ የተሻገረ ግን አገር ውስጥ መኖሩን እንጂ መግባቱን ማስረዳት አይችልም። ነጋዴዎቹ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሻገር ሰው ፓስፖርቱ በሳምንት ይሞላል ይላሉ። እውነት አላቸው። ቤተሰብ መሥርቶ የሚቀመጠው ሰው ግን ቢያንስ አንዲት ማኅተም ያስፈልገዋል።

ስም፣ ቀን፣ ፊደል

ኤምባሲ ደጃፍ ከሚያስመልሱት ነገሮች ብዙዎቹ ትንንሾች ናቸው። ሶማሊኛ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በዚህ አጻጻፍ «ሐ» በኤክስ፣ «ዐ» በሲ ይወከላሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ደግሞ ስሙን ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ይወስደዋል። መሐመድ የሚባል አባት ሐርጌሳ በወጣ ወረቀት ላይ በኤክስ፣ ጅግጅጋ በወጣ የልጁ ወረቀት ላይ በኤች ተጽፎ ይገኛል። ለአገሬው ሰው አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ነው። በዚህ ላይ የአያት ስም አንዱ ወረቀት ላይ ይኖርና ሌላው ላይ ይቀራል፤ አባትየው በቅጽል ስሙ የተመዘገበበት ጊዜም አለ።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። የሆስፒታሉ ካርድ በፈረንጆቹ፣ የቀበሌው ደብዳቤ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ሲገለበጥ አንዱ ዓመት በሰባት፣ ሌላው በስምንት ይቀነሳል። ቀኑን የማያውቅ ስደተኛ ሲመዘገብ ጃንዋሪ 1 ይሰጠዋል፤ ስለዚህ የአንድ ቤት ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን የተወለዱ መስለው መርማሪ ፊት ይቀርባሉ። ፎርም የሚሞሉ ወጣቶች ለዚህ ያላቸው ምክር ቀላልና ትክክል ነው፦ መጀመሪያ የአባትየውን ፓስፖርት አስቀምጡ፣ ከዚያ የልጆቹን ሁሉ ወረቀት ከእሱ ጋር በፊደል አስተካክሉ፣ አንድ ፊደል የተለየበትን ወደ ሰጠው ቢሮ መልሳችሁ አሳርሙ። ማሳረም ጊዜ ይወስዳል። ከተከለከለ ቪዛ በኋላ ከማስረዳት ግን ያንሳል።

ለእናቶች የተለየ ችግር አለ። በእኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ እናት ከልጇ ጋር በስም አትገናኝም። ሦስት ልጆች ይዛ የምትጓዝ እናት ፓስፖርቶቹን ስታቀርብ በየትኛውም የአውሮፕላን ጣቢያ ያለ ሠራተኛ የእነዚህ ልጆች ምንድን ነሽ ብሎ ቢጠይቃት አያስገርምም። የልደት ምስክር ወረቀቱ ከእጅ ቦርሳዋ መለየት የለበትም። አባት አብሮ ከሌለ ፈቃዱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ውጭ ያለ አባት ውክልናውን በሚኖርበት አገር ባለው ቆንስላ ፊት ፈርሞ ይልካል፣ ሰነዱም እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ለልጅ ፓስፖርት ሲጠየቅም የወላጆች ስምምነት ይፈለጋል። ይህ ሥርዓት ሴቶችን ያማርራል፤ ባሏ ጠፍቶ የቀረባት፣ ወይም በፍቺ ተኳርፋ የተለየች እናት ፊርማ ከየት ታምጣ? እሷ መሄድ ያለባት ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ የአሳዳጊነት ውሳኔ ይዛ ትመጣለች። ሆኖም ልጅን ከአንዱ ወላጅ ሰርቆ ድንበር ማሻገር ቀላል በሆነበት አካባቢ ፊርማው ቢቀር የሚጎዳው ልጁ እንደሆነ መካድ አይቻልም።

ደም ሲመረመር

የዚህ አካባቢ ሰው ዘመድ ከሌለው የውጭ ከተማ ይልቅ ያለው ይበዛል፤ ሚኒያፖሊስና ኮሎምበስ ከጅግጅጋ ጋር በየቀኑ በስልክ ይገናኛሉ። አሜሪካ በ2008 እ.ኤ.አ. የስደተኛ ቤተሰብን ለማገናኘት የምትሠራበትን አንድ ፕሮግራም አቋርጣ ነበር። በናይሮቢ ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች አገሮች በሰፋው የዲኤንኤ ሙከራ፣ ዝምድናው በሁሉም የቤተሰቡ አባላት ላይ የተረጋገጠላቸው አመልካቾች ጥቂት ሆነው በመገኘታቸው ነው። ፕሮግራሙ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲመለስ የወላጅና የልጅ ዝምድና በዲኤንኤ እንዲረጋገጥ ግዴታ ሆነ።

በዚያ ውስጥ ደላላ የሸጠው ቦታ እንደነበረ አይካድም። ነገር ግን ወንድሙ የሞተበት ሰው የወንድሙን ልጅ «ልጄ» ብሎ በሚያሳድግበት አገር፣ በጦርነት የተበተነውን ሕፃን ጎረቤት በሚያነሳበት ካምፕ፣ ምርመራው ማጭበርበርንና አደራን መለየት አይችልም። አንድ የቀብሪበያህ ሽማግሌ ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ ከቤተሰቡ ማመልከቻ ስለወጣበት ቀን ሲናገሩ ድምፃቸው ይሰበራል። ልጁ ሲመዘገብ የወንድሜ ልጅ ነው፣ እኔ ነኝ አሳዳጊው ተብሎ በግልጽ ቢጻፍ ኖሮ ሌላ በር ነበረ። ማንም አልነገራቸውም።

የወላጆች ዜግነት መለያየት በዚህ ደረጃ ላይ የልጆችን ዕጣ ይለያል። ጥር 2009 ዓ.ም. አሜሪካ የሰባት አገር ሰዎች እንዳይገቡ ስታግድ ሶማሊያ ነበረችበት፤ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ሰኔ 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲስ እገዳም ሶማሊያ ተመልሳ ገባች። ከአንድ ማኅፀን የወጡ ሁለት ልጆች፣ አንዱ በእናቱ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት፣ ሌላው በአባቱ የሶማሊያ ወረቀት ፕሮሰስ ጀምረው ከሆነ፣ በአንድ ፊርማ ተለያዩ ማለት ነው። ሁለተኛውም ልጅ በእናቱ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ ያንን የሚናገር ወረቀት ብቻ አልወጣለትም።

አባቱ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘለት ልጅ ጉዳይ ደግሞ በሌላ ይያዛል። ባቢሌ የተወለደ ልጅ ከአሜሪካዊ አባቱ ዜግነት የሚወርሰው፣ እናቱ የውጭ ዜጋ ከሆነች፣ አባቱ ከልጁ ልደት በፊት አምስት ዓመት፣ ከእነዚህም ሁለቱን ከ14 ዓመት ዕድሜው በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ በአካል መኖሩን ሲያስረዳ ነው። ሾፌር ሆኖ ወይም መጋዘን ውስጥ ሠርቶ የኖረ ሰው የዚያን ዘመን የደመወዝና የግብር ወረቀት ከጣለው ይቸገራል። እዚያ ያላችሁ አባቶች አንዲት ክላሴር ያዙ።

ወረቀቱ ሲረዝም ወጣቱ ተሕሪብ የሚሉትን ይመርጣል፤ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ወደ ባሕር። በጅግጅጋ በዚያ መንገድ ልጁን ያላጣ ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። እኔ ስለ ልደት ምስክር ወረቀት ይህን ያህል የምደክመው ለዚህ ነው።

መልቀቂያውን ማን ይስጥ?

ከማዶ የመጣው ባል ወይም ሚስት ኢትዮጵያዊ መሆን ቢፈልጉ የዜግነት አዋጁ በጋብቻ በኩል መንገድ አበጅቷል። ጋብቻው ሁለት ዓመት ያለፈው፣ አመልካቹ ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት አገር ውስጥ የኖረ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ የታማኝነት ቃል ለመፈጸም የተዘጋጀ መሆን አለበት። የቃዲው ኒካህ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ በክብር መዝገብ ከገባ ሁለቱ ዓመት የሚቆጠርበት ቀን ይታወቃል። ካልተመዘገበ ምስክር ፍለጋ ነው።

ከባዱ ግን ቀጣዩ ነው፤ ከቀድሞ ዜግነት መልቀቂያ ማግኘት ወይም ማግኘት እንደሚቻል ማስረዳት። ኬንያዊ ባል መልቀቂያውን ከናይሮቢ ያመጣል። የሐርጌሳው ሰው ከማን ያምጣ? ሶማሌላንድ ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ነጻነቷን ዐውጃ የራሷን ፓስፖርት ትሰጣለች፤ በዚያ ፓስፖርት አዲስ አበባ መግባት ይቻላል፤ አብዛኛው ዓለም ግን አገሪቱን የሶማሊያ አካል አድርጎ ነው የሚያያት። ሞቃዲሾን ረግጦ የማያውቅ ሰው የሞቃዲሾን መልቀቂያ ቢጠይቅ የማላውቀውን ዜጋ አልለቅም ሊባል ይችላል፤ ሐርጌሳ የሰጠችው ደብዳቤ ደግሞ የአገር መልቀቂያ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ወደ ፖለቲካ ይገባል። በመሐል ያለችው የባቢሌዋ ሚስት በኢትዮጵያና በሶማሌላንድ መካከል ስላለው የባሕር በር መግባቢያ ሰነድ የሚወራውን ዜና የምታዳምጠው ለባሏ ወረቀት ይሆነው እንደሆነ ብላ ነው። እንዲህ ላሉ ጋብቻዎች የሚሆን ግልጽ መመሪያ፣ በሶማሊኛና በኦሮምኛ ተተርጉሞ በየወረዳው ቢለጠፍ፣ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ይጠቅማል።

አሥራ ስምንተኛው ዓመት

ወላጆች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ፣ ግን ጥቂቶች የሚያውቁት አንድ አንቀጽ አለ። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት፣ ከውጭ አገር ዜጋ ወላጁ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትቀበልም። ምርጫው የግድ ነው፤ ዝምታም ምርጫ ሆኖ ይቆጠራል።

የአባቱን ዜግነት የመረጠ ልጅ በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋበትም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለውን፣ አውጥቶ ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ እናቱ አገር መኖርና መሥራት ይችላል፤ አይመርጥም፣ አይመረጥም። ሐሳቡን ከቀየረም፣ አገር ውስጥ ተመልሶ መኖር ከጀመረና ሌላውን ከተወ፣ አዋጁ ዜግነቱ እንዲመለስለት ይፈቅዳል። ሊሆን የማይገባው ባለማወቅ የሚያልፈው ዓመት ነው፤ ልጁ የማትሪክ ፈተና ሲያስብ፣ እናቱ ለፈተናው ስትጸልይ፣ ዜግነቱ በጀርባ በኩል ይወጣል።

በጅግጅጋ እንዲህ ያሉ ጉዳዮች የሚይዙ አንድ ጠበቃ ቤተሰቦች ልጁ 17 ዓመት ሲሞላው እንዲመጡ ይነግሯቸዋል። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ የልደት ወረቀቱ ይመረመራል፣ የስሙ ፊደል ይስተካከላል፣ ልጁ ራሱ ከአባቱም ከእናቱም ጋር ተቀምጦ ይማከራል። ከአሥራ ስምንተኛ ልደቱ ማግስት ማመልከቻው ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ይገባል፤ በሁለት ኮፒ ተዘጋጅቶ፣ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ተመትቶ ለልጁ ይመለሳል። «አባቱ ባይስማማስ?» ብለው የሚጠይቁ እናቶች አሉ። ጠበቃው የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፦ «ከዚያ ቀን በኋላ ፈራሚው ልጁ ነው።»